የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ጥቂት ሜሞሪ ያላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮችና ሊነክስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራቱም ደብዳቤዎች ከጣና ዙሪያ የመጡ ናቸው። ሁሉም ዊንዶውስ የከበደውን አሮጌ ኮምፒውተር ዊንዶውስን በሚተካ ቀላል የሊነክስ ሥርዓት ወደ ሥራ ስለ መመለስ የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ከዘጌ የደረሰን ደብዳቤ ሰፊ ማብራሪያ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ የተከበሩ አዘጋጅ፣ በዘጌ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ከባሕር ማዶ በልገሳ የተላኩልን ስድስት ያገለገሉ ዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች ነበሩን። አንደኛው ገና ሶኬት ላይ ሲሰካ ጮኾ በጢስ ጠፋ። ከቀሩት አምስት ሦስቱ በዊንዶውስ ኤክስፒ ይነሳሉ፤ ሁለቱ ግን ጨርሶ ምስል አያሳዩም። የሚነሱት ፔንቲየም 4 ፕሮሰሰርና 512 ሜጋባይት ሜሞሪ ያላቸው ናቸው። ኢንተርኔት የምናገኘው ከስልካችን ብቻ ነው። ተማሪዎቻችን በአማርኛ መጻፍ እንዲለማመዱባቸው እፈልጋለሁ። ሊነክስ ይሻላል የሚሉኝ ሰዎች አሉ፤ የትኛውን ልምረጥ፣ እንዴትስ ልጫን?

መልስ፦ መምህር፣ ወደ ሊነክስ ከመግባታችን በፊት ስለ ተቃጠለው ኮምፒውተር አንድ ነገር ልንገርዎ፤ የቀሩትን አምስቱን ሊያድንልዎ ይችላልና። የድሮ ዴስክቶፖች ኤሌክትሪክ በሚቀበሉበት ሣጥን፣ ማለትም በፓወር ሳፕላዩ ጀርባ፣ ገመዱ ከሚሰካበት ቀዳዳ አጠገብ ብዙ ጊዜ አንዲት ቀይ ተንሸራታች ማብሪያ አለች፤ በላይዋም 115 ወይም 230 የሚል ቁጥር ይነበባል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ሲሆን፣ እንደ አሜሪካ ካሉ 120 ቮልት ከሚጠቀሙ አገሮች የሚመጣ ማሽን ግን 115 ላይ እንደተተወ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ሁኔታ ሶኬት ላይ የተሰካ ኮምፒውተር የሚሆነው እርስዎ እንዳዩት ነው። ስለዚህ አምስቱንም ገመዳቸውን ነቅለው ጀርባቸውን ይመልከቱ፤ ማብሪያዋ 115 የምታሳይ ከሆነ በጠፍጣፋ መፍቻ ወደ 230 ይግፏት። የተቃጠለውንም ማሽን አይጣሉት። ብዙ ጊዜ የሚሞተው ፓወር ሳፕላዩ ብቻ ስለሆነ ሜሞሪውና ሃርድ ዲስኩ ደኅና ሊሆኑ ይችላሉ።

ቀጥሎ የምለምንዎ ከማንኛውም ሶፍትዌር በፊት ሜሞሪውን እንዲቆጥሩ ነው። ስድስት ማሽን ስላለ ስድስት ኮምፒውተር ይኖረናል ብሎ ማሰብ ተገቢ አይመስለኝም። እያንዳንዳቸው 512 ሜጋባይት ይዘው ከሚንገዳገዱ አምስት ማሽኖች፣ 1 ጊጋባይት የያዙ ሦስት ማሽኖች ለአንድ ክፍል ተማሪዎች እጅግ ይሻላሉ፤ ሦስት ልጆች ተራ እየገቡ የሚጽፉበት ኮምፒውተር፣ አንድ ልጅ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ከሚጠብቀው ኮምፒውተር የበለጠ ያስተምራል። ገመዱን ይንቀሉ፤ ሽፋኑን ይክፈቱ፤ በሰውነትዎ ላይ ያለ ኤሌክትሪክ የውስጥ ዕቃዎቹን እንዳይጎዳ እጅዎን በብረቱ አካል ላይ ያሳርፉ፤ ከዚያም በማዘርቦርዱ ላይ ቆመው የተሰኩትን ረዣዥም የሜሞሪ ካርዶች በሁለቱ ጫፎቻቸው ያሉትን መያዣዎች ገፍተው ያውጧቸው። ካርዶቹ ዓይነታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል፦ ዲዲአር 184 እግሮች ሲኖሩት ዲዲአር2 240 እግሮች አሉት፤ በታች በኩል ያለው ቁርጥም ቦታው ይለያያል። አልገባ ያለውን በኃይል አይጫኑት፤ የዚያ ማሽን ዓይነት አይደለም ማለት ነው። ምስል የማያሳዩት ሁለቱ ኮምፒውተሮችም ሕመማቸው ከዚሁ ሊሆን ስለሚችል፣ የካርዶቹን ወርቃማ እግሮች በንጹሕ ላጲስ ቀስ ብለው አሽተው፣ ብናኙን አራግፈው መልሰው ቢሰኳቸው ይነሱ ይሆናል። በሐይቁ ዳር እርጥበት ለዓመታት ተዘግቶ የኖረ ማሽን ላይ ይህ ቀላል ሥራ ያለ መለዋወጫ ውጤት ሲያመጣ ደጋግሜ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ዊንዶውስ ኤክስፒ ከአምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2014 ስለሆነ እርሱን ይዞ መቆየት አይመከርም። በሌላ በኩል ሊነክስ የሆነ ሁሉ ቀላል ነው የሚለው ወሬ እውነት አይደለም። በሰፊው የሚታወቀው የሊነክስ ሥርዓት ኡቡንቱ ለ32 ቢት፣ ማለትም ለድሮው ዓይነት ፕሮሰሰር፣ የሚሆን የዴስክቶፕ መጫኛ ማዘጋጀት ካቆመ ቆይቷል፤ ቀላል ነው የሚባለው ሉቡንቱም ከእ.ኤ.አ. 2018 መጨረሻ ወዲህ ያወጣቸው እትሞች ለ64 ቢት ብቻ የተሠሩ ናቸው። ሊነክስ ሚንት መልካም ሥርዓት ቢሆንም ቢያንስ 2 ጊጋባይት ሜሞሪ ይፈልጋል። እኔ ለእርስዎ የምመርጥልዎ አንቲኤክስ የሚባለውን ነው። ይህ ሥርዓት ዴቢያን በተባለው ሌላ የሊነክስ ሥርዓት ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በዴቢያን 12 ላይ የተሠራው 23ኛው እትሙ ለ32 ቢትም ለ64 ቢትም ተዘጋጅቷል። አዘጋጆቹ በ256 ሜጋባይት ሜሞሪም እንደሚነሳ፣ ነገር ግን ቢያንስ 512 ሜጋባይት ቢሆን እንደሚመከር፣ ለመጫንም 7 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ እንደሚበቃው ይገልጻሉ። ፐፒ ሊነክስ የሚባለውም ጥሩ ዝና አለው፤ ሆኖም የፋይል አቀማመጡ ለብዙ ተማሪዎች በጋራ ለሚያገለግል ማሽን አይመችም ብዬ አምናለሁ። ፔንቲየም 4 አንዳንዱ 32 ቢት፣ የኋለኛው ደግሞ 64 ቢት ነው፤ ይሁን እንጂ በ1 ጊጋባይትና ከዚያ በታች በሆነ ሜሞሪ 32 ቢቱ አነስ ያለ ቦታ ስለሚወስድ ለሁሉም እርሱን ይጫኑ።

ፋይሉ ከ2 ጊጋባይት የማይበልጥ ቢሆንም በስልክ ዳታ ማውረዱ ወጪ ነው። ለገበያ ወይም ለሌላ ጉዳይ ወደ ባሕር ዳር በሚመጡበት ቀን ጥሩ መስመር ካለው ሰው ዘንድ ቢያወርዱት፣ ወይም በሌሊት ጥቅል ቢጠቀሙ ይሻላል። ፋይሉ ከወረደ በኋላ ብዙዎች የሚዘሉት አንድ እርምጃ አለ፤ እርስዎ ግን እንዳይዘሉት አደራ እላለሁ። በማውረጃው ገጽ ላይ ከፋይሉ ጋር የሚቀመጥ፣ ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱ የሚረጋገጥበት «ሻ 256» የሚባል ረጅም የፊደልና የቁጥር ጥምር አለ። በዊንዶውስ ላይ ሰባት-ዚፕ የተጫነበት ኮምፒውተር ካለ፣ በወረደው ፋይል ላይ በቀኝ ተጭነው ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ይህንኑ ስሌት ማሠራት ይችላሉ። ሁለቱ ጥምሮች አንዲት ፊደል እንኳ ከተለያዩ ፋይሉ በመንገድ ተበላሽቷል። መስመር እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ብዙ ጊዜ እንዲህ ይሆናል፤ ዘጌ ደርሰው መጫኑ ግማሽ መንገድ ላይ ከሚቆምብዎ እዚያው ባሕር ዳር ቢያውቁት ይሻላል።

ፋይሉ ወደ ፍላሽ የሚገባው እንደ ተራ ሰነድ በመቅዳት አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ሊነሳበት በሚችል መልክ መጻፍ አለበት። ለዚህ ሩፉስ የሚባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም በዊንዶውስ ላይ ይሠራል፤ 4ኛው እትምና ከዚያ በኋላ ያሉት ዊንዶውስ 8ና ከዚያ በላይ ስለሚፈልጉ፣ በዊንዶውስ 7 ማሽን የሚጠቀሙ ከሆነ 3.22 የሚለውን እትም ይፈልጉ። 4 ጊጋባይት ፍላሽ ይበቃል፤ በላዩ የነበረ ሰነድ ግን ሁሉ ይጠፋል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ከፍላሽ እንዲነሳ ማድረግ ነው። የመነሻ ምርጫ የሚመጣው በብዙ ዴሎች ኤፍ12ን፣ በኤችፒዎች ደግሞ ኤፍ9ን ገና እንደተከፈተ ደጋግሞ በመጫን ነው። በዚያ ዘመን ማሽኖች ላይ ብዙ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ፍላሹ በባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲከፈት በሚሠራው መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ በራሱ ስም ላይታይ፣ ይልቁንም በሃርድ ዲስኮች ዝርዝር ውስጥ ተደብቆ ሊገኝ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ኮምፒውተሩ ከመከፈቱ በፊት ከተሰካ ብቻ ነው። ስለዚህ ፍላሹን አስቀድመው ይሰኩ፤ ወደ ባዮስ ገብተው የሃርድ ዲስኮቹን ቅደም ተከተል ይክፈቱ፤ ፍላሹንም ወደ ላይ ያውጡት። ይህም ካልሆነ ፋይሉን በዲቪዲ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ የድሮ ዴስክቶፕ ከዲቪዲ ለመነሳት አያስቸግርም።

አንቲኤክስ ከፍላሽ ሲነሳ በሃርድ ዲስኩ ላይ ምንም ሳይነካ ሙሉ ሆኖ ይሠራል። የመግቢያ ስም ቢጠይቅዎ ተጠቃሚው «ዴሞ»፣ የይለፍ ቃሉም «ዴሞ» ነው፤ ሁለቱም በትናንሽ የላቲን ፊደላት ይጻፋሉ። አንድ ቀን ሙሉ በዚህ ሁኔታ ይሞክሩት። ድምፁ፣ ኪቦርዱ፣ የስክሪኑ ስፋት ደኅና መሆናቸውን ይዩ፤ ከሁሉም በላይ ሜሞሪውንና ዲስኩን ይመርምሩ። ሜምቴስት የሚባለው መመርመሪያ ለሰዓታት ሮጦ አንዲት ቀይ መስመር እንኳ ካሳየ ያ የሜሞሪ ካርድ መውጣት አለበት። ይህን የምጽፈው ከደረሰብኝ ነው፦ አንድ ጊዜ በየደቂቃው የሚቆም ኮምፒውተር ላይ ሥርዓቱን ሦስት ጊዜ እንደገና ጭኜ፣ ጥፋቱን ሁሉ በሊነክስ ላይ አድርጌ ስፈርድ ከቆየሁ በኋላ የታመመው የሜሞሪ ካርዱ ሆኖ አገኘሁት። ለዲስኩ ደግሞ ጂስማርት ኮንትሮል የሚባለው ፕሮግራም ጤንነቱን ይነግርዎታል፤ በዲስኩ ላይ የተበላሹና የተተኩ ቦታዎች ቁጥር እያደገ የሚሄድ ከሆነ ለተማሪዎች ጽሑፍ አደራ የሚሰጠው ዲስክ አይደለም።

መጫኑ ራሱ ከዚህ ሁሉ ቀላል ነው። በስክሪኑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ሲከፍቱ የትኛውን ዲስክ እንደሚጠቀም ይጠይቅዎታል፤ ሙሉውን ዲስክ እንዲወስድ ከመረጡ የዊንዶውስ ኤክስፒውና በውስጡ ያለው ሰነድ ሁሉ ተመልሶ አይገኝም፤ ስለዚህ የትምህርት ቤቱን መዝገብ አስቀድመው በሌላ ፍላሽ ያውጡ። ስዋፕ የሚባለው፣ ሜሞሪ ሲሞላ ዲስኩን እንደ ትርፍ ሜሞሪ የሚያስጠቅመው ክፍል እንዲኖር ያድርጉ፤ 1 ጊጋባይት ሜሞሪ ላለው ማሽን 2 ጊጋባይት ስዋፕ ይበቃል። የድሮ ዲስክ ግን ቀርፋፋ ስለሆነ ዚራም የተባለውን ዘዴ ማከል መልካም ነው፤ እርሱ በሜሞሪው ውስጥ ያለውን መረጃ አጥፎ በማስቀመጥ ወደ ዲስኩ የሚደረገውን ምልልስ ይቀንሳል። ግሩብ የሚባለው ማስነሻ የት ይጫን ሲልዎ በዋናው ዲስክ ላይ ይሁን ይበሉ። መጫኑ በሚካሄድበት ሰዓት መብራት እንዳይጠፋ በተቻለ መጠን ጥንቃቄ ያድርጉ፤ ከጠፋም ማሽኑ አይጎዳም፣ ከመጀመሪያው መጀመር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይዎ፣ ወደ አማርኛው ደረስን። ሥርዓቱ አማርኛን እንዲያሳይ የፊደል ቅርጾች ያስፈልጉታል፤ አቢሲኒካ የሚባለውና የኖቶ ኢትዮፒክ ቅርጾች በዴቢያን የሶፍትዌር ማከማቻ ውስጥ በነፃ ይገኛሉ። ለመጻፍ ደግሞ አይባስ የሚባለውን የኪቦርድ ፕሮግራም ከማሟያው ከኤም17ኤን ጋር ይጫኑ፤ በውስጡ «ሴራ» የተባለው የአማርኛ አጻጻፍ አለ። በእርሱ ኤስ እና ኢ ሲጫኑ «ሰ»፣ ኤስ እና ዩ ሲጫኑ «ሱ»፣ ኤስ ብቻውን ሲጫን «ስ» ይወጣል፤ ልጆች በአንድ ክፍለ ጊዜ ይለምዱታል። ለመጻፊያ አቢወርድ በ512 ሜጋባይትም በደንብ ይሠራል። 1 ጊጋባይት ባገኙት ማሽኖች ላይ ሊብረ ኦፊስም ይከፈታል፤ ነገር ግን ለመነሳት ጊዜ ይወስዳልና ለዕለት ልምምድ አቢወርድን አስቀድሙ።

ይህን ሁሉ በሦስቱም ማሽኖች ላይ እየደጋገሙ በስልክ ዳታ ማውረድ አያስፈልግዎትም፤ አንቲኤክስን ለእርስዎ የመረጥሁበት ትልቁ ምክንያትም ይኸው ነው። ከሥርዓቱ ጋር «ስናፕሾት» የሚባል መሣሪያ ይመጣል። አንዱን ማሽን ብቻ ፊደሉን፣ ኪቦርዱን፣ አቢወርዱን ጨምረው አሳምረው ካዘጋጁ በኋላ፣ በዚህ መሣሪያ የተጫነውን ሥርዓት እንዳለ ወደ አዲስ የመጫኛ ፋይል ይለውጡታል። ሲሠሩት ለሌሎች የሚሰጥ መሆኑን ከመረጡ የእርስዎ የግል ስምና የይለፍ ቃል አብሮ አይሄድም። ያንን ፋይል በፍላሽ ጽፈው ቀሪዎቹን ማሽኖች ያለ አንዲት ሜጋባይት ዳታ ይጭኗቸዋል። ቢፈልጉም ፍላሹን በጀልባ ለሚሻገር የሙያ ባልደረባዎ መስጠት ይችላሉ፤ በሐይቁ ማዶ ላለ ትምህርት ቤትም አማርኛው ተዘጋጅቶ የሚደርስ ሥርዓት ይሆናል።

በመጨረሻ ሳልደብቅ የምነግርዎ አንድ ነገር አለ። እነዚህ ማሽኖች ለኢንተርኔት አይሆኑም። አንቲኤክስ ራሱ ሥራ ሳይጀምር የሚይዘው ሜሞሪ 200 ሜጋባይት አካባቢ ሲሆን፣ አንድ ዘመናዊ ድረ ገጽ ብቻውን ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ጉግል ክሮም ለ32 ቢት ሊነክስ መዘጋጀቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው፤ ፋየርፎክስም ከ145ኛው እትሙ ጀምሮ ትቶታል። ስለዚህ ለወላጆችም ለርእሰ መምህሩም «ኢንተርኔት ክፍል ተከፈተ» ብለው ቃል አይግቡ፤ የመጻፊያና የማንበቢያ ክፍል ነው ይበሏቸው። ለማንበቢያው ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም አለ። የአማርኛ ውክፔዲያን በአንድ ፋይል አውርደው ያለ ኢንተርኔት እንዲያነቡ ያስችላል፤ ፋይሉም ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ከሦስቱ ማሽኖች በሻለው ላይ ይጫኑትና ልጆቹ ያነበቡትን በሌሎቹ ላይ በራሳቸው ቃል ይጻፉ።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር ግሽ ዓባይ አካባቢ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ላፕቶፔ ኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰርና 2 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ ዊንዶውስ 10 በጣም ያዘገየዋል። ደንበኞች ይዘውት በሚመጡት ፍላሽ ላይ ያለው «ሾርትከት ቫይረስ» ደግሞ እረፍት ነሥቶኛል። ወደ ሊነክስ ብቀይር እንጀራዬ ይስተጓጎል ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ስጋትሽ ትክክል ነው፤ እንጀራ በሚጋገርበት ማሽን ላይ ሙከራ አይጀመርም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 ስላበቃና ላፕቶፕሽም ለዊንዶውስ 11 ስለማይበቃ መቀየሩ አይቀርም፤ ነገር ግን በእርጋታ ይሁን።

ስለ ቫይረሱ መጀመሪያ ልመልስልሽ። ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ፕሮግራም ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ በሊነክስ ላይ አይነሳም፤ የተደበቁት ፎልደሮችም በሊነክስ ብዙ ጊዜ በግልጽ ይታያሉ። የደንበኛውን ሰነድ አውጥተሽ ሾርትከቶቹን አጥፍተሽ ትመልሽለታለሽ። ለዚህ ሥራ ብቻ እንኳ አንቲኤክስ የተጻፈበት አንድ ፍላሽ በመሳቢያሽ ውስጥ ቢኖር ያገለግልሻል።

የሚያስቸግረው የአማርኛ ሰነዱ ነው። የአማርኛ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩ፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በጽሕፈት ቤቶች ሲሠራባቸው የቆዩት የድሮዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ የፊደል ቅርጾች (ፎንቶች) ግን የአማርኛውን ምስል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ ናቸው። ስለዚህ በእነርሱ የተጻፈ ሰነድ ቅርጹ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። ጽሑፉ አልጠፋም፤ ማንበቢያው ነው የታጣው። ቅርጹን ወደ ሊነክሱ የፎንት ማኅደር ብትጨምሪ ይነበባል፤ በዚያው አጻጻፍ ማረም ግን ያው ከዊንዶውሱ ኪቦርድ ጋር የተሣሠረ ነው። ኒያላ በተባለው የዊንዶውስ የፊደል ቅርጽ የተጻፈ አዲስ ሰነድ በዩኒኮድ ስለሆነ ያለ ችግር ይነበባል፤ ሆኖም ኒያላ በሊነክስ ላይ ስለማይኖር ሌላ ቅርጽ ይተካዋል፤ መስመሩም ገጹም ይዛባል። የክስ ማመልከቻ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ ለሚመጣ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ስለሆነ፣ ደንበኞችሽ በተቻለ መጠን በፒዲኤፍ እንዲያመጡ ለምኛቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ ፕሪንተሩ ነው። ሊነክስ ብዙ ፕሪንተሮችን ወዲያው ቢያውቅም እንደ ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102 ያሉት ግን ከኤችፒ የሊነክስ ፕሮግራም በተጨማሪ አንድ ማሟያ ከኢንተርኔት ካልወረደላቸው አያትሙም። ፎቶ ኮፒ ማሽንሽም ከላፕቶፑ ጋር የሚገናኝ ከሆነ አምራቹ ለሊነክስ ያዘጋጀው ነገር እንዳለ አስቀድመሽ አረጋግጪ። የሥራው ጫና ቀለል በሚልበት ቀን ከፍላሽ አስነሥተሽ አንድ ገጽ አትሚ፤ ከታተመ ሊነክሱን ዊንዶውሱ ሳይጠፋ ጎን ለጎን ጫኚው። የድሮ ሰነድ ሲመጣ ወደ ዊንዶውሱ ትመለሻለሽ፤ ቀሪውን ቀን በሊነክሱ ትሠሪያለሽ። ለ2 ጊጋባይት 64 ቢቱ አንቲኤክስ ከሊብረ ኦፊስ ጋር በሚገባ ይበቃል። ገንዘብ ካገኘሽ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመሽ ቀርፋፋውን ሃርድ ዲስክ በፈጣኑ የዲስክ ዓይነት፣ በኤስኤስዲ አስለውጪ፤ ልዩነቱን ዛሬውኑ የምታዪው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የፖሊ ግቢ ተማሪ ነኝ። በአሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሊነክስ ጭኜ ነበር፤ ነገር ግን ባጠፋሁት ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማንኛውንም ድረ ገጽ ስከፍትም ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም ይለኛል። ያወረድሁት ሥርዓት የተበላሸ ይሆን?

መልስ፦ ሥርዓቱ ደኅና ነው፤ ያለቀው በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ክብ ባትሪ ነው። ሲአር2032 የሚባለው ይህ ባለ 3 ቮልት ባትሪ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ሰዓቱን ያስቆጥራል። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያረጋግጡበት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው፤ ማሽንህ ራሱን ከ15 ዓመት በፊት ያለ አድርጎ ሲያስብ ወረቀቱ ገና ያልጀመረ ይመስለውና ገጹን አይከፍትም። ሶፍትዌር ማሻሻያውም በዚሁ ምክንያት እምቢ ይላል። ኮምፒውተሩን ከሶኬት ንቀልና ባትሪውን ለውጠው። እስኪገኝ ድረስ በየጊዜው ቀኑን በእጅህ አስተካክል፤ የሰዓት ቀጠናውንም አዲስ አበባ አድርገው።

ሰዓቱ ዓመት ሳይሆን ልክ 3 ሰዓት ብቻ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የሚል ከሆነ ግን ባትሪው ምንም አልሆነም። ዊንዶውስና ሊነክስ ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ ዊንዶውስ በማሽኑ ላይ የአካባቢውን ሰዓት ይጽፋል፤ ሊነክስ ደግሞ ያንኑ የዓለም አቀፍ ሰዓት አድርጎ ያነብና የእኛን 3 ሰዓት ይጨምርበታል። በሊነክሱ ላይ የማሽኑ ሰዓት የአካባቢ ሰዓት እንደሆነ ብትነግረው ይስተካከላል። ከላይ የጻፈችልን የግሽ ዓባይ አንባቢያችንም ይህ ሳያጋጥማት አይቀርም።

ጥያቄ፦ በጎርጎራ የምኖር ጡረተኛ ነኝ። ልጄ የተወልኝን ፔንቲየም ኤም ላፕቶፕ በሊነክስ ለማስነሳት ስሞክር፣ ፕሮሰሰሩ ፒኤኢ የሚባል ነገር እንደሌለው የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይመጣና ይቆማል። ተስፋ አለው?

መልስ፦ አባታችን፣ አለው። ፒኤኢ 32 ቢት ፕሮሰሰር ከ4 ጊጋባይት በላይ ሜሞሪ እንዲጠቀም የሚያደርግ ዘዴ ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሊነክስ እትሞች የግድ ይጠይቁታል። የቀደሙት ፔንቲየም ኤሞች ይህ ችሎታ ቢኖራቸውም አለን ብለው አይናገሩም። በማስነሻው መስመር መጨረሻ ላይ «ፎርስፒኤኢ» የሚለውን ያለ ክፍተት በትናንሽ የላቲን ፊደላት ቢጨምሩ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ያ ካልሆነ የዴቢያን 12ን 32 ቢት መጫኛ ይጠቀሙ፤ ፒኤኢ የማይፈልግ ከርነል (የሥርዓቱ እምብርት) በውስጡ አለ። ዴቢያን 13 ለ32 ቢት መጫኛ ስለሌለው፣ አዲሱ ይሻላል ቢሉዎ እርስዎ 12ኛውን ይያዙ። የላፕቶፑ ሜሞሪ ስንት እንደሆነ በደብዳቤዎ ላይ ስላልገለጹ፣ በሚቀጥለው ቢጽፉልን የትኛው የመስኮት ሥርዓት እንደሚስማማው በዚሁ ዓምድ እንነግርዎታለን።